ማጨጃዋን ያስተኟት ጋሼ ሰይድ

ጋሼ ሰይድ ቤንዚን አልሰረቁም። ካንዴላም ነቅለው አልሸጡም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ የቀረውን ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን ይዞ እንዲሄድ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ለጓደኛዋ፣ «ድሮ እዚህ ፌርፋክስ አካባቢ ቤንዚን ቀጂው ሰይድ የሚባል ሽማግሌ ነበር አሉ» ብላ ስትስቅ ሰማኋት። ልጅቷ እሳቸውን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። ጋሼ ሰይድ ሴት ልጃቸው ዘንድ፣ ሚኒያፖሊስ ከሄዱ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ሄደው ስማቸው እዚህ ቀርቶ ይንከራተታል። የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሼ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው፣ እማማ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ! ያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሰማው ከእኔ አፍ ነው። ጋሼ ሰይድን ሌባ ያሰኘኋቸው እኔ ዘነበች ነኝ። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ፣ ወረፋ የዘለለ ወጣት፣ ለአንዱ ልጇ ትልቁን ዳቦ ለሌላው ትንሹን የሰጠች እናት ከምላሴ አምልጠው አያውቁም። የራሴን ጥፋት ከእነሱ ጥፋት አሳንሼ ካለፍኩት ደግሞ እኔው ሚዛን አጎደልኩ ማለት ነው።

ጊዜው የኦሎምፒክ ጨዋታ እዚህ ሎስ አንጀለስ በተደረገ በዓመቱ ነው። ልጄ አስቴርና ባሏ ደምሴ ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን የሚይዝ ሰው አጥተው አስመጡኝ። ቤታችን ከፌርፋክስ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አራት የአገራችን ሰዎች ቤተሰቦች ጎን ለጎን እንኖራለን፤ የአራቱም ቤት ባለቤት አንዲት ነጭ አሮጊት ናት። በየቤቱ ፊት ሣር አለ። አከራይዋ ወር በገባ ቁጥር ትንሽ ውሻዋን አቅፋ ትመጣና ሣሩን ታያለች። ካልተስተካከለ በር ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። ወረቀት የበዛበት ሰው ቤቱን ይለቃል ተብሎ ይወራ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት የሞከረው ስለሌለ አናውቅም።

አራቱ ቤቶች ተባብረው አንድ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ጓሮው ላይ ሲሸጥ፣ ያርድ ሴል በሚሉት፣ አሮጌ የሣር ማጨጃ ማሽን ገዙ። ማሽኗ እንደ ማኅበር ጽዋ ነበር የምትዞረው፤ ይሄን እሁድ እኛ ቤት፣ የሚመጣውን እሁድ ጎረቤት። ደምሴ የፓርኪንግ አለቃ ስለሆነ ማዘዝ ይወዳል፤ እሱን የማኅበሩ ሙሴ አደረጉት። ችግሩ ማሽኗ ለሙሴም ለምእመንም አልነሣ አለች። የመጀመሪያው እሁድ ደምሴ ገመዱን ስቦ ስቦ፣ ትከሻውን ይዞ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሰይድ መንገዱን ተሻግረው የመጡት። ከማዶ ባለው ቤት ጓሮ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፤ ከኋላ ኪሳቸው ሁልጊዜ አንድ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ እንደ ጅራት ይንጠለጠላል።

«እንደምን አደራችሁ! ይቺ ልጅ ለምን ታለቅሳለች?» አሉ።

«የቷ ልጅ?» አለ ደምሴ ዙሪያውን እያየ።

በአገጫቸው ማሽኗን አሳዩት።

ደሴ ከተማ ከወጣትነታቸው ጀምረው የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው ካቻቪቴ አወጡ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ «ገመዱን ቀስ አድርገህ ሳብልኝ» አሉት። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ ነው የመሰሉኝ። ከዚያ ካንዴላውን ፈቱ፤ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው እሱ ነው። ጥቀርሻውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዱና መልሰው አጠበቁ። አንዴ ሳቡ። ተነሣች።

እኔ ነገር አላሳልፍም፤ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሣር የለዎትም። ማጨጃ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

«ሚስትም የለኝም፣ እትዬ፤ ሠርግ ሲጠሩኝ ግን እሄዳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኗ በእሳቸው እጅ ሆነች። በሥራ ቀን ጎህ ሳይቀድ በአሮጌ ፒካፓቸው ጋርዴና ወደምትባል ጎረቤት ከተማ ይሄዳሉ፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ አትክልተኛ ጋ ተቀጥረው በየሰው ግቢ ይዞራሉ። «ከጃፓኑ ጋር እንዴት ትግባባላችሁ?» ስላቸው፣ «እሱ ወሬ አይወድም፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ስለዚህ ተጣልተን አናውቅም» ይላሉ። እሁድ ደግሞ የእኛ ናቸው።

አንድ እሁድ ተቆጥቼ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩባቸው። የማሽኗን ቢላዋ የሚስሉት በወር አንዴ ነው፤ ቆጥሬ ሳየው ስለቱ አዲስ የሚሆነው ሁልጊዜ ለመጀመሪያው ቤት ነው፣ እኛ አራተኛ ስለሆንን የሚደርሰን ዶልዱሞ ነው። «ይሄ ፍርድ ነው?» አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅብኝ ነበር። እሳቸው ጨርቃቸውን አውጥተው እጃቸውን ጠረጉና አሰቡ። «እውነትዎን ነው። ከእንግዲህ በየወሩ ተራው ከሌላ ቤት ይጀምር» አሉኝ። አደረጉትም። ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ፣ «እንዴት አደሩ፣ ዳኛዬ?» ማለት ጀመሩ።

በፍስክ ቀን እኛ ቤት አይበሉም፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየቅል ነው። ጾም ሲገባ ግን ከእኔ ይልቅ ደስ የሚላቸው እሳቸው ናቸው። «እትዬ ዘነበች፣ ጾማችሁ መቼ ነው?» እያሉ ቀን ያስቆጥሩኛል። ሽሮ ላይ እስላምና ክርስቲያን የለም። በሳህን እልክላቸዋለሁ፤ ሳህኔ አንድ ቀን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ከሚሠሩበት ግቢ የለቀሙትን ሎሚ ሞልተው ነው የሚመልሱልኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው የከሰስኩት።

የነጮቹ የተርኪ በዓል፣ ያ ትልቅ ዶሮ መሳይ ወፍ የሚበላበት፣ በዋለ በማግስቱ ነው፤ እኛም የነቢያትን ጾም ይዘናል። ጋሼ ሰይድ ሥራ አልነበራቸውም። እኔ ኩሽና ሳህን አጥባለሁ፤ መስኮቱ ድራይቭዌዩን፣ የመኪና መግቢያውን፣ ያሳያል። ማሽኗን ከጋራዥ አወጡና አስነሥተው ትንሽ አሞቋት፤ አጠፏት። በቀጭን ቱቦ ቤንዚኗን ወደ ጀሪካን ቀዱ። ጀሪካኑን አንጠልጥለው ወደ ገዛ ፒካፓቸው ሄዱና ታንኩ ውስጥ ገለበጡት። ይሄን አየሁ። ተመልሰው ዘይቷን በባዶ የቡና ቆርቆሮ አፈሰሱ፤ ማሽኗን በጎኗ አጋድመው ሆዷ ላይ የደረቀውን ሣር በእንጨት ፋቁላት፤ ቢላዋዋን ፈትተው በጋዜጣ ጠቅልለው ፒካፑ ውስጥ አስገቡ። ይሄንም አየሁ። በመጨረሻ ካንዴላውን ነቅለው በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ዘይት አንጠባጠቡ፤ ገመዱን ሁለቴ በዝግታ ሳቡ፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፉ፤ ካንዴላውን ግን በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ሁሉንም አየሁ።

«እትዬ ዘነበች!» አሉ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው።

«አቤት!»

«አስተኛኋት!»

«እሰይ፣ ደህና ትደር!» አልኳቸው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ሲገባ ዝናቡ መጣ። የእኛ ሰው ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ሣር የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሣር ይነሣል። ደጃችን ያለው ሣር ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ አገራችን የማውቀው ሰርዶ ነው። ነጮቹ ሌላ ስም ይስጡት እንጂ ሰርዶን እኔን ማን ያስተምረኛል? «ደምሴ፣ ይሄ ዝናብ ሳምንት ከቆየ ሣሩ ቤቱን ይውጠዋል። አከራይዋ ሳትመጣ ብታሳጭድ ይሻላል» ያልኩት እኔው ነኝ።

ደምሴ ጋራዥ ገብቶ ማሽኗን አወጣ። ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ፣ ቢላዋ የለ፣ ካንዴላ የለ። ፊቱ ተለዋውጦ ገባ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራቱም ቤቶች ሳሎናችን ተሰበሰቡ። «ሶ፣ ማሽኗን ማን ነው የነካት?» አለ ደምሴ። እኔ ደግሞ እውነት ተደብቃ ስታልፍ መቀመጥ አልችልም። ብድግ ብዬ ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ቤንዚኑን የት እንደገለበጡት፣ ቢላዋውን በምን እንደጠቀለሉት፣ ካንዴላውን በየትኛው ኪስ እንደከተቱት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ስጨርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ፣ «ጋርዴና ወስዶ ሸጦታል» አለ። ሌላዋ፣ «ለዚህ ነዋ ሣር ሳይኖረው የሚሮጠው!» አለች። እስከዚያች ሰዓት ጋሼ ሰይድን አንቱ ይሉ የነበሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንተ አሏቸው።

አስጠሯቸው። በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ደምሴ፣ «ቤንዚኑን ቀድተሃል፣ ካንዴላውን ወስደሃል ተብሏል። እማማ በዓይናቸው አይተዋል» አላቸው።

ጋሼ ሰይድ እሱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ።

«እትዬ ዘነበች ያዩት እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ለደምሴ፣ «ሣሩ አረንጓዴ ሲሆን ጥሩኝ» ብለው ወጡ።

«ሰማችሁት? ዝናብ እየዘነበ ሣር አረንጓዴ እስኪሆን እንጠብቅ ይለናል!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ይሄም ይጻፍ።

ወሬው ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያለው ታደለ ዘንድ ደረሰ። ጋሼ ሰይድ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱን ቤት ግቢ ያጸዱ ነበር፤ የጓሮውን በር ቁልፍ ሰጥቷቸዋል። ሁለት ሌሎች ሰዎችም ግቢያቸውን ሊሰጧቸው ቃል ገብተው፣ እሳቸውም ከጃፓኑ ወጥተው በራሳቸው ስም ሊሠሩ አስበው ነበር። የሰው ግቢ የሚሠራ ሰው እንጀራው ስሙ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት በር ከፍቶ የሚገባ ነውና። ታደለ ቁልፉን ተቀበላቸው። ሁለቱም ሰዎች ቃላቸውን አጠፉ።

እኔ አሁንም ሽሮ ላክሁ፤ ያየሁትን ተናገርኩ እንጂ ጠብ የለኝም ብዬ። ሳህኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን መጣ። የሎሚ ጊዜ አልፎ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሰፈሩ ያለው የሎሚ ዛፍ ሁሉ ግን ቢጫ ለብሶ ቆሟል።

ዝናቡ ዘነበ። ሣሩ አልተነሣም። ይባስ ብሎ እየቀላ፣ እየገረጣ ሄዶ የገለባ መልክ ያዘ። እየዘነበበት የሚደርቅ ሰርዶ ዓይቼ አላውቅም! እሁድ እሁድ ወጥቼ ጎንበስ እልና በጣቴ እነካካዋለሁ። ደምሴ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከሥራ ባልደረባው ማጨጃ ተውሶ፣ የተኛውን ሣር ከነአፈሩ ላጨው። ጭቃው መስኮት ድረስ ተረጨ።

አከራይዋ በወሩ መጀመሪያ ውሻዋን አቅፋ መጣች። የእኛን ደጅ ስታይ ጮኸች። አስቴር እየፈራች ተረጎመችልኝ፦ «በብርድ ወቅት ይሄን ሣር የሚያጭድ ማን ነው? ሣሩ ተኝቷል፤ እስኪነቃ አይነካም፤ ማጨጃም ይቀመጣል፣ ነው የምትለው፣ እማዬ።» ከአራቱ ቤቶች ወረቀት የተለጠፈው በእኛ በር ላይ ነው፤ ሣር ባለማጨድ ሳይሆን በማጨድ።

ሣሩ ተኝቷል። ጋሼ ሰይድስ ስለ ማሽኗ አስተኛኋት ብለውኝ አልነበረም?

ማታውን ደምሴን ያዝኩት። «እኚህን ሰውዬ ሳንጠይቅ ፈርደንባቸዋል። እንደገና ይጠሩ» አልኩ።

«እማማ፣ ቤንዚኑን መኪናው ውስጥ ሲገለብጥ አየሁ ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሌባ ያልከው አንተ ነህ!»

«ኦኬ፤ እርስዎ የተናገሩት ምን ይመስላል ታዲያ?»

አማቼ ሲረታኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግሬ የጋሼ ሰይድን በር አንኳኳሁ። ይቅር በሉኝ ልል ነበር የሄድኩት። በሩን ሲከፍቱ ግን ኩራቴ አሸነፈኝና፣ «ሳህኔን ፈልጌ ነው» አልኩ።

«ሳህንዎ ተመልሷል፣ እትዬ ዘነበች» አሉኝ በትሕትና።

«አዎ… እሱስ ተመልሷል» ብዬ ተመለስኩ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ከገለባው ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። እሁድ ማለዳ ነበር፤ ማንም ሳይጠራቸው ጋሼ ሰይድ በፒካፓቸው መጥተው ድራይቭዌዩ ላይ ፓርክ አደረጉ። አራቱም ቤቶች ከበር ከበራቸው ወጡ። እሳቸው እንደ ሙሽራ ሚዜ ተውበዋል፤ አዲስ ኮፍያ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ።

«አህያ ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› ብላ ነበር» አሉ ሣሩን እያዩ። «እኔ አልሞትኩም፣ እሱም ይኸው በቅሏል። ማሽኗን አውጧት።»

እየሠሩ፣ ማንንም ሳያዩ ያወራሉ። ጋዜጣውን ፈቱ፤ ቢላዋዋ በጃፓኑ መሳያ ተስላ ታበራለች። «ማሽን የሚሞተው ሲሠራ አይደለም፤ ሳይሰናዳ ሲቀመጥ ነው» አሉ። «ቤንዚን ከርሞ ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ጉሮሮዋን ያንቃታል። መሬት ላይ እንዳላፈሰው ነውር ነው፣ ለፒካፔ አጠጣሁት፤ የዛሬው ደግሞ ከእኔ ነው፣ አዲስ ነው።» አዲሱን ቤንዚን ቀዱላት፤ ዘይቷን ሞሉ። ከደረት ኪሳቸው መሐረቡን አወጡ፤ ካንዴላው እንደ ወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ። «ዘይት የለሽ ማሽን አንድ ችኩል ሰው ስቦ ቢያስነሣት ሆዷ ይቃጠላል። ካንዴላው ከሌለ ግን ማንም አያስነሣትም። ችኩል ሰው ደግሞ በዚህ ሰፈር አይጠፋም።»

ደምሴ ጫማውን አየ።

ካንዴላውን አጠበቁና ቀና አሉ። «እትዬ ዘነበች፣ ይምጡ። እርስዎ ይሳቡ።»

«እኔ? አሮጊቷ?»

«ያዩት እርስዎ ነዎት፤ የቀረውንም ይዩት።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ። በስመ አብ ብዬ ገመዱን ያዝኩና ሳብኩ። አንዴ! ነጭ ጭስ ቡልቅ አደረገችና ተንደቀደቀች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሼ ሰይድ ካቻቪቴያቸውን ሞተሩ ላይ፣ ጆሯቸውን እጀታው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። ሊቀበለኝ እጁን የዘረጋ ሁሉ ነበር፤ ለማንም አልሰጠሁም። የቤታችንን ሣር ከጫፍ ጫፍ አጭጄ ስጨርስ ቀሚሴም ነጠላዬም አረንጓዴ ሆነው ነበር።

ማሽኗን ሳጠፋ ገና ሰው አልተበተነም። «ደምሴ፣ በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት አንሣ» አልኩት።

«እማማ፣ ሁሉም አየ እኮ…»

«ማየት አይበቃም! እኔ አይቼ ነው እዚህ ያደረስኩህ!»

ሄዶ የጋሼ ሰይድን ትከሻ ሳመ፤ «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። «ይሁን ልጄ፤ ያ ትከሻህ ዳነልህ ወይ?» ብለው አሳቁበት።

በዚያው ነጠላዬን ሳልፈታ ወደ ፌርፋክስ ወረድኩ። የታደለ ሱቅ ሰው ሞልቷል። በርበሬው መደርደሪያ ፊት ቆሜ፣ «ጋሼ ሰይድ ሌባ አይደሉም! ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰውም እኔ ነኝ! ቁልፉን አምጣ!» አልኩት።

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ደንበኛ እያስደነገጡብኝ ነው።»

«ይደንግጥ! ሲሰማ የደነገጠ የለም፤ ሲታረም ይደንግጥ!»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱን ቃል አባይ ሰዎችም ስማቸውን ጠይቄው ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሰኔ ሳይገባ ጋሼ ሰይድ በራሳቸው ስም ግቢ መሥራት ጀመሩ፤ የፒካፑን በርም አዲስ ቀለም ቀቡት።

እኔም ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ወዲያው ይቅር አሉኝ። አንድ ነገር ግን አልለቅ አለኝ። «ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው አንዲት ቃል ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለምን ዝም አሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማሽን ሲያደነቁረኝ ነው የኖርኩት፣ አልሰማዎትም» አሉኝ። ስጠይቃቸው ማሽኗ አልተነሣችም ነበር! ከዚያ ወዲያ እስኪሄዱ ድረስ በየዓመቱ ከተርኪው በዓል ማግስት ማሽኗን አብረን እናስተኛ ነበር፤ ማንኪያዋን ዘይት የማንጠባጥበው እኔ ሆንኩ። በየዓመቱም እጠይቃቸው ነበር። አንዴ፣ «ቢላዋ እየፈታሁ ነገር አልፈታም» ይሉኛል፤ አንዴ ጨርቃቸውን ከኋላ ኪሳቸው ይፈልጋሉ፣ ጨርቁ እጃቸው ላይ እያለ። ሰው ስለ ጨዋነታቸው ሲያወራ እኔም ከሰው ጋር፣ ጨዋ ስለሆኑ ነው፣ የእኔን ክብር ሊጠብቁ ነው እያልኩ እተርክ ነበር። ልባቸውን ግን ከአፋቸው መስማት ፈለግሁ። ወደ ሚኒያፖሊስ ሊሄዱ ሻንጣቸውን ሲጭኑም ጠየቅኳቸው። «ደርሼ አስብበታለሁ» ብለው ሳቁ።

ክርስትናው ላይ ያንን ከሰማሁ በኋላ የልጅ ልጄን ቴፕ እንድታስነሣልኝ አደረግሁና ካሴት ቀረጽኩላቸው። ስምዎን ለማጽዳት ልጽፍ ነው፤ ነገሩን ሳላውቀው ከጻፍኩ ግን ያው እንደ ድሮው ያየሁትን ብቻ መናገሬ ነው፤ ስለዚህ ይመልሱልኝ አልኳቸው።

የእሳቸው ካሴት በዚህ ሳምንት ደረሰ። አንደኛው ፊት ሙሉውን ስለ በረዶ ነው። እዚያ ማጨጃ ግማሽ ዓመት እንደሚተኛ፣ የልጃቸው ጎረቤቶች ሁሉ ማሽናቸውን እየገፉ እሳቸው ዘንድ እንደሚያመጡ፣ ጋራዡ እንደ ሆስፒታል መሙላቱን፣ «እስካሁን ሌባ ያለኝም የለ፣ ገና አዲስ ነኝ» እያሉ ይስቃሉ። ካሴቱን ስገለብጠው ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ቃላቸው ይኸው ነው፤ ሦስት ጊዜ እያስመለስኩ ሰምቼ ጻፍኩት፦

«እትዬ ዘነበች፣ ጨዋ ስለሆንኩ ዝም ያልኩ ከመሰለዎት አይደለም። ደምሴ አላሳዘነኝም፤ ደምሴ የት ያውቀኛል? ያሳዘኑኝ እርስዎ ነዎት። እያወቁኝ፣ መስኮቱን ከፍተው ‹ጋሼ ሰይድ፣ ምን እያደረጉ ነው?› ማለት ሲችሉ ለጉባኤ ነገሩብኝ። ተቀየምኩ። አንዲት ቃል እንደምትበቃም አውቅ ነበር፤ አውቄ ዋጥኳት። ሣሩ እስኪነቃ ዘነበች ትቃጠል አልኩ። ከዚያ እሁድ እሁድ ወጥተው ያንን ደረቅ ሰርዶ ጎንበስ ብለው ሲነካኩ በመስኮቴ አይዎት ጀመር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ጥር ላይ ቂሙ ከሆዴ ወጥቶ ነበር፤ ሳቁ ግን ጣፈጠኝና እስከ የካቲት አስጠበቅኩዎት። ለሳህን ብለው በሬን ያንኳኩ ቀንማ፣ በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ወድቄ ነው የሳቅሁት። እንግዲህ እርስዎ ሳያውቁ በደሉኝ፤ እኔ እያወቅሁ በደልኩዎት። ፍርድ ይወዳሉ፤ የማናችን እንደሚከብድ ይፍረዱና በሉ ይጻፉት።»